አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር

እናቴ ሁለት መልሶች አሏት። “ሰላም ነው?” ብትሏት “ሰላም ነው” ትላለች። አንድ ነገር ልታደርጉላት ብትነሱ ደግሞ “ምን አስፈላጊ ነው” ትላለች። መነጽር ተገዝቶላት ሲመጣ፣ ምን አስፈላጊ ነው። የሱቋ ጣሪያ ዝናብ ያስገባልና ቆርቆሮው ይቀየር ስትባል፣ ምን አስፈላጊ ነው። አንድ ጊዜ ታማ ሐኪም ቤት ስወስዳት ባጃጁ ውስጥ እያቃሰተች ይህንኑ ትለኝ ነበር። መነጽሩን ግን እስከ ዛሬ ታደርገዋለች፤ ቆርቆሮውም ተቀይሯል፤ ሐኪሙ ያዘዘላትንም መድኃኒት ውጣለች። እኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም ብዬ አምን ነበር።

ይህን የማነሳው ስለ አንድ የደሴት ዕረፍት ልናገር ብዬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ እህቴ በረዶ አገር ትኖራለች። ባሏ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። እናቴ የልጅ ልጆቿን የምታውቃቸው በስልክ ነው። የትልቁ ጥርስ ሲወልቅም አዲሱ ሲበቅልም ያየችው በስልክ ነው። አንድ ዓመት ጥር ላይ እህቴ ደወለችና መጪውን ክረምት ሁላችንም አንድ ላይ እንድናሳልፍ ማሰቧን ነገረችኝ።

“ደግ አስበሻል” አልኳት። “እማዬ ቤቱን ቀለም ታስቀባለች።”

“ጅግጅጋ አይደለም” አለች። “ዛንዚባር።”

ዛንዚባርን የማውቀው በቅርንፉድ ነው። እናቴ ቅመም ትሸጣለች፤ ከአባቴ ጋር በወጣትነቷ ከሸዋ መጥታ ጅግጅጋ ከገባች ጀምሮ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ቅርንፉድ ስትመዝን ነው የኖረችው። ጅምላ ነጋዴዎቹ ዋጋ ሊጨምሩ ሲያስቡ “ይኼ እኮ የዛንዚባር ነው” ይሏታል። ሰው ለመዝናናትም እንደሚሄድበት ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

“ጅግጅጋ ምን ሆነች?” አልኩ።

“ብርቱካናማ ናት።”

የእህቴ አገር መንግሥት ዜጎቹ የት ቢሄዱ ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል የሚያስጠነቅቅበት ገጽ ኢንተርኔት ላይ አለው። ለየአገሩ ካርታ ተሠርቶ ቀለም ተቀብቷል። አረንጓዴ ሂዱ ነው። ቢጫ ተጠንቅቃችሁ ሂዱ። ብርቱካናማ አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር አትሂዱ። ቀይ ጭራሽ አትሂዱ። ገጹን ላከችልኝና ከፈትኩት። ጅግጅጋና ዙሪያዋ ብርቱካናማ ናቸው፤ ድንበሩን ይዞ የሚወርደው ቀጭን መስመር ደግሞ ቀይ። እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ማስወጣት ነው ሥራዬ። ስለዚህ ቶጎ ውጫሌ ድንበሩ ላይ ቀይ ውስጥ ስሠራ እውላለሁ፤ ለእራት ብርቱካናማው ውስጥ እገባለሁ። ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው ደወሌ የሚያስኬድ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ቢጫውን አቋርጬ ሌላ ቀይ ውስጥ እገባለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከቀለም ቀለም ስመላለስ መኖሬን የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ የቀለም ብቻ ቢሆን እስቅ ነበር። ብርቱካናማ ቦታ ሄዶ አንድ ነገር የደረሰበት ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ አይከፍልለትም። የእህቴ ባል ደግሞ ያለ ኢንሹራንስ ብስክሌት ላይ የማይወጣ ሰው ነው። እሺ አዲስ አበባ እንገናኝ ብላቸው ያን ሰሞን የአዲስ አበባም ነገር አላማራቸውም፤ ሰውየው የተስማማው ኤርፖርቱን ብቻ ነው፣ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው ላይ ለመውጣት። ደሴቱ ግን ቢጫ ነበር። ቢጫ ላይ ኢንሹራንሱ ይሠራል።

እህቴን ፈሪ ናት እንዳልላት የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። በሁለት ሺህ አሥር ክረምት ከተማችን ስትታመስ፣ ሱቅ ሲሰበርና ሲቃጠል፣ እናቴና እኔ የጎረቤታችን መጋዘን ውስጥ ነበርን። ጎረቤታችን ሶማሌ ናት፤ ሩዝ፣ ፓስታና የዱቄት ወተት ታከፋፍላለች። እኔ “ኤዶ” እላታለሁ፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ያን ቀን እጃችንን ይዛ መጋዘኗ አስገባችንና በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ወንበር አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ማን መጥቶ ምን እንዳላት፣ እሷም ምን ብላ እንደመለሰች እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ኔትወርኩ ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እህቴ ደወለች። “እማዬ፣ ሰላም ነው?” አለች። እናቴ በሩዝ ጆንያና በፓስታ ካርቶን መሃል ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ “ሰላም ነው ልጄ፤ እናንተስ? ብርዱ እንዴት ነው?” አለቻት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ፤ ለቀናትም አልተመለሰም።

ልትዋሻት ፈልጋ አይደለም። “ሰላም ነው?” እኛ ዘንድ ጥያቄ አይደለም። ሶማሌዎቹም ሲገናኙ “ነበድ?” ይባባላሉ፤ ሰላም ማለት ነው፤ መልሱም ያው “ነበድ” ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ያለ ሰው እንኳ መጀመሪያ ነበድ ይልና ነው ውኃ አቀብሉኝ የሚለው። እህቴ ግን እውነቱን የሰማችው ዘግይታ፣ ያውም ከሌላ ሰው ነው። ሱቃችን ባዶውን መቅረቱንም ፎቶ ላይ ነው ያየችው። ከዚያ ወዲህ እናቴ “ሰላም ነው” ስትላት እሺ ብላ ትሰማና፣ ስልኩን ዘግታ የመንግሥቷን ገጽ ትከፍታለች። አልፈርድባትም።

እናቴን ይዤ የምሄደው እኔ ስለሆንኩ ደሴቱን ማጥናት የኔ ድርሻ ሆነ። መጀመሪያ የኛ መንግሥት ምን ይላል ብዬ ፈለግኩ። ስለ ስደት፣ ስለ ደላላ፣ ስለ ሕገ ወጥ ጉዞ ብዙ ይላል። ባህር ዳር ተኝቶ ፀሐይ ሊሞቅ ስለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ያገኘሁት የለም። እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም መሰለኝ። ስለዚህ የእህቴን መንግሥት ማስጠንቀቂያ ተዋስኩ።

መንገድ መመዘን ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ብቻ በቀለም አልመዝንም። ጅግጅጋ ላይ መንገዱ ደህና መሆኑን የምናውቀው በጫቱ ነው። ጫቱ ከአወዳይ ተነስቶ በባቢሌ አድርጎ ይመጣል፤ እዚህ ተራግፎ ገሚሱ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ገሚሱ ወደ ደገሀቡር ይከንፋል። የጫት ሾፌር ለማንም አይቆምም። እሱ የቆመ ዕለት በርግጥ አንድ ነገር አለ። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ስወጣ ዜና አልሰማም፤ ትናንት ጫት በሰዓቱ ገብቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ገብቷል ከተባልኩ ቦርሳዬን አነሳለሁ። አልገባም ከተባልኩ ደንበኛዬ ምንም ቢጮህ ንቅንቅ አልልም። ሸደር ያለው የስደተኞች ካምፕ የሚመላለሱ የእርዳታ ድርጅት ሾፌሮችም ሬዲዮናቸውን ከማነጋገራቸው በፊት ይህንኑ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ዛንዚባር ላይ ይህ መለኪያዬ አልሠራም። እዚያ አገር ጫት ይዞ መገኘት ያሳስራል ይላል ገጹ። ጫት የማይገባበት መንገድ ደህና ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? ግራ ገባኝና ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ እናቴ ሱቅ ተቀምጬ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ እየመለስኩ ለእሷና ለኤዶ አነበብኩላቸው። ኤዶ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ትመጣለች፤ የእናቴን ሚዛን ተደግፋ ትቆማለች፣ አትቀመጥም።

“ባህሩ ዳር ላይ ቦርሳ የሚነጥቁ አሉ ይላል።”

“እኔ ምን ቦርሳ አለኝ” አለች እናቴ። ገንዘቧን የምትይዘው መቀነቷ ውስጥ ነው።

“ጀልባ ላይ ሲወጡ ጀልባው ከልኩ በላይ ሰው አለመጫኑን ያረጋግጡ።”

ኤዶ ሳቀች። “እዚህ ሚኒባስ ላይ ማን ያረጋግጣል?”

“መብራት አልፎ አልፎ ሊጠፋ ይችላል።”

ሁለቱም ቀጥል በሚል ዓይን አዩኝ። ማስጠንቀቂያ መሆኑን አልተረዱም።

“ሴቶች ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን ይሸፍኑ፤ የአገሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው።”

ኤዶ ከአናቷ እስከ እግር ጥፍሯ እንደተሸፈነች፣ “ይኼ የሚያስፈራው ማንን ነው?” አለች።

“ባህሩ ውስጥ የባህር ጃርት አለ፤ እሾሁ እግር ይወጋል።”

“ባህር ውስጥ ልገባ ነው እንዴ?” አለች እናቴ። ከማስጠንቀቂያው ሁሉ እሷን ያስደነገጣት ይህ ብቻ ነው።

ሌላም ነበረው። የወባ መድኃኒት ይያዝ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ አስጎብኚ ነኝ የሚል ሁሉ አስጎብኚ አይደለም፣ በጨለማ በባህሩ ዳር ብቻ መሄድ ጥሩ አይደለም። ሁሉንም አገላብጬ ስመዝነው ደሴቱ ባህር የተጨመረበት ጅግጅጋ ሆነብኝ። እንዲያውም ኤዶ ዘመዶቿ ሞምባሳ ስለነገዱ የዚያን ጠረፍ ሰው በወሬ ታውቀዋለች፤ “ሰዎቹ ነበድ ናቸው፤ ትሄጃለሽ” ብላ ለእናቴ ፈረደችላት። እናቴም ደስ ብሏታል፤ “ምን አስፈላጊ ነበር” ብላለች፣ ማለትም እሄዳለሁ ብላለች።

ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ስልኬን ኪሴ ልከት ስል እናቴ፣ “የኛንስ ምን ይላል?” አለችኝ።

“የኛን ምን ያደርግልሻል?”

“አንብብልኝ። ሰው ስለ ቤቱ የሚባለውን አይሰማም?”

አነበብኩላት። ከድንበሩ ራቁ ይላል። ሰልፍና ግርግር ካለበት ራቁ ይላል። ከከተማ ውጭ በጨለማ አትንዱ ይላል። አንዱም ውሸት አልነበረበትም፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፣ ውሸት ቢሆን እሰድበው ነበር። ከዚያ መዝጊያው ላይ ደረስኩ። “አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር ወደዚህ አካባቢ እንዳይጓዙ እንመክራለን።”

“አስፈላጊ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?” አለች።

ይህንንም ጽፈውታል። ትንሽ ዝቅ ብዬ አነበብኩት። “ጉዞው አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት።”

“እርስዎ ማነው?”

“ተጓዡ።”

“እህትህ?”

“እሷ” አልኩ።

አንዲት ደንበኛ መጥታ ኮረሪማ ጠየቀች። እናቴ በሶማሊኛ ዋጋ ተናግራ መዘነችላት፣ ጠቀለለችላት፣ ሸኘቻት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “ሸደር የሚሄዱት ፈረንጆች ዝንጅብል የሚገዙት ከኔ ነው” አለች። “እነሱን ማን ፈቀደላቸው?”

“ለሥራ ነዋ የመጡት፤ እሱ አስፈላጊ ጉዞ ይባላል።”

“እ” አለች። ኤዶም ሚዛኑን ለቃ ወደ መጋዘኗ ሄደች።

በማግስቱ ለፓስፖርት ጉዳይ ፎቶ ልንነሳ ተቀጣጥረን ነበር። ስመጣ ሱቁን አልዘጋችም፤ ልብሷንም አልቀየረችም። “ይቅር” አለችኝ። “ምን አስፈላጊ ነው።”

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ቀጥተኛ ትርጉሙን ይዞ ሲወጣ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ስትለው እጇ ወደሚሰጣት ነገር ይዘረጋል። ያን ቀን እጇን ከሚዛኑ ላይ አላነሳችም። ልለምናት ሞከርኩ፤ ስለ ባህሩ አወራሁላት፣ የልጅ ልጆቿን አነሳሁባት። “ልጆቹን በስልክ አያቸዋለሁ፤ ለምዶብኛል” አለችና በርበሬዋን ማበጠር ያዘች።

ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። እኔ ቶሎ አልቆጣም፤ ጉምሩክ የሚመላለስ ሰው ቁጣውን እዚያው መስኮት ላይ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ግን ተናደድኩ።

“ወደ እማዬ መምጣት አስፈላጊ አይደለም ብለሽ ወስነሻል?” አልኳት።

“ማን አለ?”

“መንግሥትሽ። ውሳኔው ያንቺ ነው ይላል።”

ከዚያ እሷም በተራዋ ተቆጣች። “በየዓመቱ ልምጣ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ” አለች። “በየዓመቱ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ምን አስፈላጊ ነው ልጄ። ባሌ ይህን ገጽ ይዞ፣ ለመሆኑ አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? እናቴ ራሷ አስፈላጊ አይደለም ብላለች አልኩት።”

“አንቺ ደግሞ አማርኛ ረሳሽ?”

“አልረሳሁም” አለች። “ግን አንተስ ብትሆን ምን ብለህ ትተረጉምለት ነበር?”

በእውነት ምን ብሎ ይተረጎማል? ለአንድ ኢንሹራንስ ለሚቆጥር ፈረንጅ፣ “አያስፈልግም ካለች ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ካለችው ደግሞ በጣም ያስፈልጋል ማለት ነው” ተብሎ ይነገራል? እህቴ ግን ከባሏ በፊት ለራሷም ሳትተረጉመው ቆይታለች ብዬ ጠረጠርኩ። የሁለት ሺህ አሥሩ ስልክ እናቴ ከምትለው ቃል ላይ እምነቷን ወስዶባታል። “ሰላም ነው”ን እንደ ውሸት ያዘችው፤ “ምን አስፈላጊ ነው”ን ግን መምጣቱን ስለፈራች እንደ እውነት ያዘችው።

“ራሴ እጠይቃታለሁ” አለችኝና ዘጋች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወለች። እናቴ እጇ በርበሬ ነበርና ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩላት። ኤዶ እንደ ልማዷ ሚዛኑን ተደግፋ ቆማለች።

“እማዬ፣ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው ልጄ። ብርዱ እንዴት ነው?”

“እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አስበሽ መልሺልኝ። ጅግጅጋ ልምጣ? የኔ መምጣት አስፈላጊ ነው?”

እናቴ ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። ምላሷ ላይ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። “መንገዱ ሩቅ ነው” ብላ ጀመረች። “ልጆቹን ለማን ትተሻቸው ትመጫለሽ፤ ደግሞ ምን…”

ኤዶ ስልኩን ከባንኮኒው ላይ አነሳችው። ወደ አፏ አስጠግታ፣ “አንቺ፣ ስሚ” አለች። ኤዶ ዙሪያ ጥምጥም የሚባል ነገር አታውቅም፣ ማባበልም እንደዚሁ። “ያን ጊዜ የኔ መጋዘን ውስጥ ሆና ሰላም ነው አለችሽ። ሰላም ነበር?”

ኤዶ መልስ አልጠበቀችም።

“አልነበረም” አለች ኤዶ። “እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አሁንም እንደዚያው ናት። እናንተ አማርኛችሁ ብዙ ነው። እኔ ትንሽ ነው የማውቀው። በኔ አማርኛ አስፈላጊ ነው ማለት አስፈላጊ ነው ማለት ነው።” ከዚያ ስልኩን እናቴ እጅ ላይ አኖረችው። “በዪ ንገሪያት።”

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ሥራ አጥቼ የቅርንፉዱን ጣሳ ከፍቼ ከደንኩ። በመጨረሻ፣ ችሎት ፊት ቃሏን እንደምትሰጥ ሰው ቀጥ ብላ፣ “አስፈላጊ ነው” አለች። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች መሰለኝ፣ “ግን ኢንሹራንሱ…” አለች።

“ኢንሹራንሱን ተዪው እማዬ” አለች እህቴ። ታለቅስ ነበር።

እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ጫት መግባቱን ጠየቅኩ። የምሄድበት አልነበረም።

እህቴ ነገሩን ለባሏ እንዴት እንደነገረችው አላውቅም። እሱ ገጹን እንደገና ከፍቶ አንብቦ፣ “ውሳኔው የራስሽ ነው ይላል” አላት አሉ። ሰውየውን ከዚያ ወዲህ ወደድኩት። ደሴቱን አልተውነውም፤ ባሏ ልጆቹን ይዞ በቀጥታ ወደዚያ ሊበር፣ እሷ ብቻዋን በጅግጅጋ ዞራ እናቴንና እኔን ይዛ ልትከተል ተስማሙ። እናቴ ሱቋን ዘግታ ፎቶ ተነሳች፤ ፎቶው ላይ ተቆጥታለች።

ስለ ደሴቱ እዚህ ላይ በአጭሩ ልናገር። ከማስጠንቀቂያው ሁሉ ጉዳት ያደረሰብን አንድ ብቻ ነው፤ የባህር ጃርት ረገጥኩ፣ ያውም ውኃው እስከ ጉልበቴ እንኳ ሳይደርስ። መብራትም ጠፍቷል፤ የደነገጠ ግን የእህቴ ባል ብቻ ነበር። እናቴ የልጅ ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ባህር ገባች፤ ቋንቋቸውን ባትሰማም ልጆቹ ሲነግሯት ትመልስላቸዋለች። ገበያ ወስደናት ቅርንፉድ አቀረቡላት። አንዱን አፏ ውስጥ አድርጋ ነከሰችና “የኔው ይሻላል” አለች።

እኔ ግን ዘወትር የማስበው ከዚያ በፊት ስለነበረው ቀን ነው፤ እህቴ ጅግጅጋ ስለገባችበት ቀን። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ጫት ምን ያደርጋል ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፣ ጠዋት ተነስቼ ጠየቅኩ። በሰዓቱ ነበር የገባው። እናቴ፣ ኤዶና እኔ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆመን ጠበቅን፤ እናቴ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። በመንገድ ላይ፣ “ቤቱን ሳላስቀባ” ስትል ነበር። አውሮፕላኑም አልዘገየም።

እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ገጹ እንደሚመክረው ግራና ቀኟን እየቃኘች ነበር። ፀጉሯ ላይ ሽበት አየሁ፤ ስልክ ላይ አይታይም ነበር።

ቀድማ የደረሰችባት ኤዶ ናት። “ነበድ?” አለቻት።

“ነበድ” አለች እህቴ፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

ከዚያ እናቴ ፊት ቆመች። እናቴ እጆቿን አነሳችና የእህቴን ፊት ያዘች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የምትለውን ስለማውቅ ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ምን አስፈላጊ ነበር ልትላት ነው።

“ዘገየሽ” አለቻት።